ለሩፋኤል የተወለደው ልጅ

ዳባት ላይ አንዲት እናት «ልጅዎ መቼ ተወለደ?» ቢሏት «ለሩፋኤል» ብላ ልትመልስ ትችላለች። ለእኛ መልሱ ቁልጭ ያለ ነው፤ ጳጉሜን 3፣ ልጆች ዝናብ ሲወርድ እየዘለሉ የሚታጠቡበት ቀን። ለኮምፒውተሩስ?

እስቲ እንሞክረው። ጃቫስክሪፕት በተለመደው የቀን መሥሪያው 13ኛ ወር ሲሰጡት ስህተት ነው ብሎ አይጮህም። ዝም ብሎ የሚቀጥለው ዓመት 1ኛ ወር ያደርገዋል። ጳጉሜን 3 ቀን 2015 የተወለደው ልጅ መስከረም 3 ቀን 2016 ተወለደ ማለት ነው። የቀኑ ልዩነት ስድስት ቢሆን ነው፤ ዓመተ ምህረቱ ግን ተለውጧል! ትምህርት ቤት ሲመዘገብ የአንድ ዓመት ታናሽ ሆኖ ይቀርባል።

ዳባት ደግሞ ቀን በዋዛ የሚታይበት አገር አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው እዚያ ነው፤ ሥራው ልደትና ሞትን ከነቀኑ መመዝገብ ነው። ወደ ደባርቅ ብንወጣም፣ ከስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት ቀበሌዎችም፣ የክትባት ካርድ የሚሞላው በእኛው አቆጣጠር ነው።

«ታዲያ ለምን በፈረንጁ አንመዘግብም?» የሚሉን ወዳጆች አሉ። እናቲቱ በፈረንጁ አትነግራችሁማ! ጸሐፊው በጭንቅላቱ ቀንሶ ይጽፋል፤ የነገረችው ቀን እዚያው ይጠፋል።

እኛ የምንለው ሌላ ነው። «ስምንት ቀንስ፣ ከመስከረም በኋላ ሰባት ቀንስ» የምትል ኮድ በየቢሮው መጻፍ ይቅር። አይሲዩም ሆነ ጆዳ ታይም የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይዘዋል። ግን እነሱንም ቢሆን ሳይፈትኑ ማመን አይገባም፤ ፈተናውም ጥር 15 ላይ አይሁን፤ ጥር 15ን ማንም ያልፈዋል።

ክፉዎቹ ቀኖች ዳር ላይ ያሉት ናቸው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መሆን አለበት፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ ሴፕቴምበር 12። ጃንዋሪ 7 ቀን 2024 ታኅሣሥ 28 ነው፤ በዓመቱ ጃንዋሪ 7 ግን ታኅሣሥ 29። (በዘመነ ዮሐንስ ገና በ28 እንደሚውል ደብተራውን ጠይቁ፤ ፕሮግራመሩን አትጠይቁ።) ከሁሉ የምንወደው የዓድዋው ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው፤ እ.ኤ.አ. 1900 በፈረንጁ ሠግር ስላልሆነ፣ በእኛ ግን አራት ዓመቱ ስለማይዘለል ነው። የዛሬውን ልዩነት ወደ ኋላ የሚጎትት ኮድ ዓድዋ ላይ በአንድ ቀን ይስታል።

እነዚህን ቀኖች መዝገብ ቤት ያለው ሰው ከእኛ ይበልጥ ያውቃቸዋል። ኮድ የምንጽፈው ልጆች አጠገቡ ቁጭ ብለን ያስቸገሩትን ቀኖች እንልቀምና ለላይብረሪው ባለቤቶች እንላክ፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ ማንም ማረም ይችላል።

ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ላይ ይውላል። ዛሬ ማታ የምትሠሩበት ፕሮግራም ውስጥ አስገቡትና ምን እንዳላችሁ ንገሩን።