የከተማ መንገድ በማን ኪስ ይሠራል?

ክረምት ሲገባ የከተማ መንገድ የከተሜው ጉዳይ ብቻ አለመኾኑ ጎልቶ ይታያል። አርሶ አደሩ ቲማቲሙን በባጃጅ ጭኖ ዋናውን አስፋልት በሰላም ይጨርሳል፤ ወደ ገበያው ሲታጠፍ ግን ጭቃና ጉድጓድ ይጠብቀዋል። እየተንገጫገጨ የደረሰ ቲማቲም ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀም አያድርም። ኪሳራውን አርሶ አደሩና ሸማቹ ይካፈሉታል።

ለመኾኑ ይህን መንገድ ማን ይሥራው? ትላልቅ መንገዶችና ድልድዮች በአብዛኛው በፌዴራል መንግሥት በጀት ይገነባሉ። በግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይ ለዚህ ምሳሌ ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገድ ግን በዋናነት የከተማ አሥተዳደሩ ኀላፊነት ነው፤ ወጪውም ከማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ፣ ከመንግሥት ድጋፍና ከነዋሪዎች መዋጮ ይሸፈናል። በ1989 ዓ.ም የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ደግሞ ከነዳጅ ላይ ከሚሰበሰብ ክፍያ ለጥገና ገንዘብ ይመድባል። የባጃጅ ሒሳብ የሚከፍለው አርሶ አደርም በነዳጁ በኩል የድርሻውን አዋጥቷል ማለት ነው።

በከተሞቻችን የተስፋፋው የጌጠኛ ድንጋይ ንጣፍ የመዋጮን ጥቅም በተግባር አሳይቷል። ድንጋዩ ከአካባቢው ይወጣል፤ ጠርበው የሚያነጥፉትም የአካባቢው ወጣቶች ናቸው። ይሁን እንጂ መዋጮ የራሱ ጉድለት አለው። አቅም ያለው ሠፈር ቀድሞ ይነጠፍለታል፤ ወደ ገበያ የሚያደርሰው መንገድ ግን "የእኔ ነው" ብሎ የሚያዋጣለት ነዋሪ ስለሌለው ወደ ኋላ ይቀራል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2017 ዓ.ም ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ይህን ክፍተት ለመሙላት ዕድል ይሰጣል። ታክሱ እንደ መዋጮ አንዴ ተሰብስቦ የሚቆም ሳይኾን በየዓመቱ የሚከፈል ነውና።

ዕድሉ ፍሬ የሚያፈራው ግን ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ ብዙ ሰውና ብዙ ጭነት የሚመላለስበት መንገድ ቅድሚያ ያግኝ። ሁለተኛ፣ ከንጣፉ በፊት የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይሠራ፤ ውኃ የሚተኛበት መንገድ ዕድሜ የለውም። ሦስተኛ፣ የገባውና የወጣው ገንዘብ በየቀበሌው ለሕዝብ ይነገር።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ሎሚው የት እንደደረሰ ግን ሃምሳውም ሊያውቁ ይገባል።