ግድቡን ማን ሸነቆረው?

በአገራችን ጨው ገንዘብ ነበር፤ አሞሌ። ኩልና እና ሳትኪራ በተባሉት የባንግላዴሽ የባሕር ጠረፍ አውራጃዎችም ጨዋማ ውኃ ገንዘብ ሆኗል፤ ያውም ለጥቂቶች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማዕበሉ እርሻውን እንዳይውጠው የአፈር ግድብ ተሠራ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ሽሪምፕ የተባለውን የባሕር ፍጥረት ለውጭ ገበያ የሚያረቡ ባለሀብቶች ያንኑ ግድብ እየሸነቆሩ ጨዋማውን ውኃ ወደ ሩዝ ማሳው ለቀቁት። ሩዙ ጠወለገ፤ ከብቱ ግጦሽ አጣ፤ ሴቶች ለአንድ እንስራ የሚጠጣ ውኃ ርቀው ይሄዱ ጀመር። ሩዝ ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ ለሽሪምፕ ኩሬ ጥቂት ዘበኛ ይበቃል። መሬት የሌለው የቀን ሠራተኛ ታዲያ ወዴት ይሂድ?

እርግጥ ነው፣ ባሕሩም ከፍ እያለ ነው። በ2009 አይላ የተባለው አውሎ ነፋስ ግድቡን ደርምሶ ብዙ ማሳ በጨው አጥለቅልቋል። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በባሕሩ ማላከክ፣ ለእኔ፣ ግድቡን የሸነቆረውን እጅ መሸሸግ ነው። ኮሩናሞዪ ሳርዳር ይህን አሳምራ ታውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 1990 በኩልና አውራጃ፣ ሆሪንኮላ በተባለ ስፍራ፣ የሽሪምፕ እርባታውን የሚቃወም ሰልፍ ስትመራ ተገደለች። የአካባቢዋ ገበሬዎች ከሞቷ በኋላም ጨዋማውን ውኃ አናስገባም ብለው ለዓመታት ሩዛቸውን ሲያበቅሉ ኖረዋል።