ጨጓራቸውን የበሳው ቡናው ነው?

ከቦንጋ አካባቢ የጻፈችልን እህታችን ጉዳይ ከበድ ያለ ነው። አጎቷ ሌሊቱን ሆዳቸውን ቆርጧቸው ሲያቃስቱ አደሩ። ጠዋት «ሻል ብሎኛል» ብለው ተኙ፤ ማታ ብሶባቸው ሆስፒታል ሲወሰዱ ጨጓራቸው ተበስቶ ተገኘና በቀዶ ጥገና ተረፉ። ጎረቤት «ቡናው ነው» ስላለ ባለቤታቸው ጀበናውን ደብቀውታል። የከፋ ሰው ቡና ተከልክሎ! ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ግን አንድ ነገር ጣል ተደርጓል፤ አጎቷ ለጉልበታቸው ከሱቅ እየገዙ ዲክሎፌናክ በየቀኑ ይውጡ ነበር።

እህቴ፣ እኔ ብሆን ጀበናውን ትቼ ኪኒኑን ነው የምደብቀው። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ጨጓራን ከራሱ አሲድ የሚከላከለውን ሽፋን ያሳሱታል። ሌላው ተጠያቂ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ይህን በማግኘታቸው በ2005 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል፤ ማርሻልማ ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ነው የሞከረው! ሲጋራም ያባብሳል። ቡና ቃር ያስነሳ ይሆናል እንጂ ጨጓራ በሳ ተብሎ አይከሰስም። አጎትሽ ባክቴሪያው እንዲመረመርላቸው፣ ለጉልበታቸውም ሌላ መድኃኒት እንዲታዘዝላቸው ሐኪማቸውን ጠይቁ።

አንጀትም ይበሳል። ያልታከመ ታይፎይድ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ላይ ይበሳዋል፤ ትርፍ አንጀትም ሲቆይ ይፈነዳል።

እኔን ያስፈራኝ ያ «ሻል ብሎኛል» ነው። ከተበሳ በኋላ ሕመሙ ለጥቂት ሰዓት ጋብ ሊል ይችላል፤ ውስጥ ለውስጥ ግን ሆድ ዕቃው እየተመረዘ ነው። ሆድ በድንገት ታሞ እንደ ጣውላ ከደረቀ ፌጦም፣ ዳማከሴም፣ ውኃም በአፍ ሳይሰጥ ወዲያው ሆስፒታል ነው። ቦንጋ ላይ ገብረ ጻዲቅ ሻዎ ሆስፒታል አለላችሁ፤ ጅማ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ሪፈር ከተባለ «ነገ እንሄዳለን» አይባልም።

«እህቴ ልትወልድ ነው፤ ሕፃንስ አንጀቱ ይበሳል?» ላልሽው፣ አዎ ይበሳል። ያለጊዜው የተወለደ ጨቅላ አንጀቱ ስላልጠነከረ ቆስሎ ሊበሳ ይችላል፤ የእናት ጡት አደጋውን ይቀንሳል። አንዳንዱ ደግሞ ፊንጢጣው ሳይከፈት ወይም አንጀቱ ተዘግቶ ይወለዳል፤ መውጫ ሲያጣ ይወጠርና ይበሳል። ስለዚህ እንደተወለደ መቀመጫውን እዩ። ጥቁሩ የመጀመሪያ ዓይነ ምድር በ24 ሰዓት ካልወጣ፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም አረንጓዴ ካስመለሰ በዚያው ሰዓት ውሰዱት። አያት «ቅቤ እናልሰው» ካሉ ቅቤው ለአራሷ ገንፎ ይሁን።