ከመድረክ ያላነበብኩት የጸሎት ርዕስ



በቅርቡ በአንድ እሁድ አምልኮ ላይ የጸሎት ርዕሶች ሲሰበሰቡ ስም የሌላት ትንሽ ወረቀት እጄ ገባች። «ከወለድኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ጡቴ አብጦ እንደ እሳት ይፋጃል፤ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ያንቀጠቅጠኛል። ልጄን ማጥባት ፈራሁ። ጸልዩልኝ» ትላለች። እኔ ግን ማይክራፎኑን ይዤ «አንዲት እህት ታማለች፣ እናስባት» ብዬ አለፍኩ። «ጡት» የሚለውን ቃል ከመድረክ ማንበብ አሳፈረኝ።

ቤቴ ስገባ ኅሊናዬ አላስቀመጠኝም። እኔ ያፈርኩበትን ነገር መጽሐፍ ቅዱስ አያፍርበትም። በኢሳይያስ 49፥15 ጌታ ሕዝቡን እንደማይረሳ ሲናገር የመረጠው ምሳሌ የምታጠባ እናት ናት። ጳውሎስም በ1ኛ ተሰሎንቄ 2፥7 አገልግሎቱን በዚያው መስሎታል። ሐዋርያው ያላፈረበትን ፓስተሩ አፈረ ማለት ነው።

የሚያሳዝነው ነገሩን የማላውቀው አለመሆኔ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ገና ወር ሳይሞላት ባለቤቴ በዚሁ ሕመም ወደቀች። (ይህን የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው።) እኔ ከሥነ መለኮት ኮሌጅ በቅርቡ የወጣሁ፣ ለሁሉም ጥያቄ ጥቅስ ያለኝ ወጣት ነበርኩ። እጄን ጭኜ ጸለይኩላት፤ በዚያ አልጸጸትም። የምጸጸተው ቀጥዬ በተናገርኩት ነው፦ «ፈውስሽን በእምነት ተቀበይ፣ ሕመሙን በአፍሽ አትጥሪው»። ሦስት ሌሊት ዝም ብላ ነደደች። አንዷ ጎረቤት ምች ነው ብላ ዳማከሴ አመጣች። ሌላዋ ወተቱ ተበላሽቷል፣ ሕፃኗን ይመርዛታል አለች። ባለቤቴም በዚያ ጡት ማጥባቱን ተወች። ወተቱ ተጠራቀመ፣ መግል ያዘ፣ በመጨረሻ ክሊኒክ ተቀዶ ወጣ። ጠባሳው ዛሬም አለ።

ወተቱ አልተበላሸም ነበር። ይህን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ በጉባኤያችን ከምታገለግል አዋላጅ ነርስ ነው። ሕመሙ ማስታይቲስ ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ሕፃኑ ጡቱን በደንብ ሳይጎርስ ሲቀር፣ የማጥቢያ ሰዓት ሲዘለል፣ ጫፉ ተሰንጥቆ ጀርም ሲገባበት። የታመመው ጡት ወተት በጊዜው ለተወለደ ጤነኛ ሕፃን ጉዳት የለውም፤ በድንገት ማቆም ግን ሕመሙን ያብሳል። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት እናት ብቻ በታመመው ጡት ከማጥባቷ በፊት ሐኪሟን ታማክር። እሹት፣ ጨምቃችሁ አውጡት የሚባለውም ዛሬ አይመከርም። ጡት ማጥባትን የሚያጠኑ ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሻሻለው መመሪያ ጠንክሮ ማሸት እብጠቱን እንደሚያባብስ ገልጿል፤ የሚመክረው ሕፃኑ በፈለገው መጠን ማጥባት፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ዕረፍትና የሕመም ማስታገሻ ነው። በአንድ ቀን ካልተሻላት፣ ወይም ትኩሳቱ ከበረታ፣ ጤና ጣቢያ ትሂድ። አንቲባዮቲክ ከታዘዘላትም ተሻለኝ ብላ ከመንገድ አታቋርጥ። ከሕክምናው በኋላ የማይጠፋ እብጠት ከቀረ ደግሞ ተመልሳ ትታይ።

«ፓስተር፣ ይህ እኮ እምነት ማጣት ነው» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ንጉሥ አሳ ነው፤ በ2ኛ ዜና 16፥12 ታሞ ባለ መድኃኒቶችን መፈለጉ ተነቅፏል። ነገር ግን ክፍሉን አስተውሉት። ነቀፋው እግዚአብሔርን በመተዉ ነው፤ ሰውየው አስቀድሞ ነቢዩን ወኅኒ አስገብቷል፣ ልቡ ከጌታ ርቋል። ከእርሱ አጠገብ ሕዝቅያስን አስቀምጡት። ሕዝቅያስ እንደሚፈወስ ከእግዚአብሔር አፍ ሰምቷል፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ተጨምሮለታል። ከዚህ የበለጠ ምን ተስፋ አለ? ሆኖም ያንኑ ቃል ያመጣው ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ አስደረገለት (ኢሳይያስ 38፥21)። ነቢዩ በለሱን ሲያዝ እምነቱ አልጎደለም። ስለዚህ በትኩሳት የምትነድ እናት ለመድኃኒቷ ይቅርታ እንድትጠይቅ ማድረግ ከመንፈሳዊነት አይቆጠርልንም። ሞክራ ሞክራ አቅቷት ማጥባት ያቆመችም ብትሆን ከእኛ ወቀሳ አይገባትም።

ስለ አራስ ጥየቃችንም አንድ ነገር ልበል። ከሽማግሌዎች ጋር ሆኜ አራስ ቤት ገብቼ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ዘምረናል፣ ቃል አካፍለናል፣ ቡና ተፈልቷል። እናቲቱ በእኛ ፊት ማጥባት አፍራ ጡቷ ሞልቶ ተወጥሮ ስትጠብቅ እንደነበር ያሰብኩት በኋላ ነው። በረከት ይዘን ሄድን ብለን ሕመም ትተን መጥተን ይሆናል! ሩብ ሰዓት ይበቃል። አጥሚቱን አስቀምጡ፣ ጸልዩ፣ ውጡ። ከተቻለም የሕፃኑን ጨርቅ አጥባችሁ ውጡ።

ባሎች ሆይ፣ ዘፍጥረት 33፥13ን አንብቡ። ያዕቆብ ወንድሙ ዔሳው አብረን እንሂድ ሲለው የሚያጠቡ በጎችና ላሞች እንዳሉት፣ አንድ ቀን በግድ ቢነዱ እንደሚሞቱ ነገረው። እርምጃውንም በእነርሱ አቅም ልክ አደረገ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አባት ሚስቱ ስትወልድ የሚፈቀድለት 3 ተከታታይ ቀን ነው፤ ይህ ሕመም ሲመጣ ያ ፈቃድ ብዙውን ጊዜ አልቋል። ስለዚህ ከሥራ ስትመለስ ሕፃኑን ተቀበላት፣ እርሷ ትተኛ። ኤልያስ እንኳ ከክትክታው ዛፍ ሥር ደክሞ በወደቀ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ ደግሞም ተኛ።

በሚቀጥለው እሁድ ያችን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ እንደ ተጻፈች፣ ቃሏን ሳልቀይር አነበብኳት። ጉባኤው ለአፍታ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ከኋላ አንዲት እናት «ጌታ ሆይ!» ብላ ጀመረች፣ ሁላችንም ጸለይን። ስንወጣ አንድ ወጣት በር ላይ ጠበቀኝ። ባለቤቷ ነው። ሰኞ ዕለት ጤና ጣቢያ ወስዷት መድኃኒት ጀምራለች፣ ትኩሳቱ ለቋታል፣ ልጁም እየጠባ ነው። ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ «ያን እሁድ ቃሉን ሲያልፉት፣ ጥፋት የጻፍኩ መስሎኝ ነበር ብላ አልቅሳለች ፓስተር» አለኝ።