የሃይድሮጅን ነዳጅ ሴል፦ ዋጋውና ዕድሜው

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዙ የጭነት ተሽከርካሪዎች የጣራ ገዳምን አካባቢ የሚያቋርጡት በውጭ ምንዛሪ በተገዛ ናፍጣ ነው። መንግሥት የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. አስታውቋል። ዳገት ለሚወጣ ከባድ ተሽከርካሪ ግን ባትሪው ራሱ ጭነት ስለሚሆን፣ የሃይድሮጅን ነዳጅ ሴል በአማራጭነት ይጠቀሳል።

ሴሉ ሃይድሮጅንን ከአየር ኦክሲጅን ጋር አዋሕዶ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ተረፈ ምርቱም ውኃ ነው። ሂደቱን የሚያፋጥነው ካታሊስት በአብዛኛው ፕላቲነም ሲሆን፣ ውድ ከመሆኑም በላይ ተሽከርካሪው በተደጋጋሚ ሲነሣና ሲቆም ቅንጣቶቹ እየሟሙ አቅሙ ይዳከማል። ተመራማሪዎች ፕላቲነምን ከኮባልት ጋር በመቀየጥ መጠኑን ይቀንሳሉ። ብረት፣ ናይትሮጅንና ካርቦን የያዙ ርካሽ ካታሊስቶችም እየተሞከሩ ነው፤ ሆኖም በሴሉ አሲዳማ ክፍል ቶሎ ይጎዳሉ። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ለከባድ ተሽከርካሪ በ2030 እ.ኤ.አ. ሊደረስበት ያስቀመጠው ግብ 25,000 የሥራ ሰዓት ነው።

በምዕራብ ወለጋ ዩብዶ ፕላቲነም መኖሩ ከመቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ ይታወቃል። ይሁንና ማዕድኑ የሚሸጠው በዓለም ገበያ ዋጋ በመሆኑ፣ በአገር ውስጥ መገኘቱ ብቻ ሴሉን ርካሽ አያደርገውም። ሃይድሮጅንን ከውኃ ለመለየት የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ ኃይል ግን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው፣ 5,150 ሜጋዋት አቅም ባለው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ አድጓል። ስለዚህ ከቀሪዎቹ ጥያቄዎች ዋነኛው የካታሊስቱ ዋጋና ዕድሜ ነው።

ተሽከርካሪ ለመግዛት ያቀዱ ተገልጋዮች የሃይድሮጅን መኪናን በመጠበቅ ውሳኔያቸውን ሊያዘገዩ አይገባም። አማራጮችን ሲያነጻጽሩም ከመግዣው ዋጋ ባሻገር የባትሪውን ወይም የሴሉን የአገልግሎት ዘመን አስቀድመው ሊጠይቁ ይገባል።