ከተፈሪ በር እስከ ፕሮፌሰር ወንበር

አውበሬን የማታውቁ አንባብያን ብትኖሩ አልፈርድባችሁም። ከጅጅጋ ተነስቶ ወደ ሶማሊላንድ ድንበር ሲኬድ የምትገኝ ከተማ ናት። የድሮ ሰዎች "ተፈሪ በር" ይሏታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተ የሶማሊያ ስደተኞች ካምፕም አለባት። አዲስ አበባ ላይ ስሟ የሚነሳው ግን ኮንትሮባንድ ተያዘ ሲባል ብቻ ነው።

እኔ ጅጅጋ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ስለ አውበሬ ሌላ ነገር አውቃለሁ። ገበያውን የያዙት ሴቶች ናቸው። ብሩን፣ ዶላሩንና የሶማሊላንዱን ሺሊንግ ያለ ሒሳብ ማሽን በቃላቸው እየመነዘሩ ያድራሉ። "ሴትና ሒሳብ አይገናኙም" የሚል ጀግና ካለ አውበሬ ገበያ አንድ ቀን ይዋልና ሲበለጥ ይየው!

ታዲያ እነዚህ ሴቶች የወለዷት፣ ከክፍል አንደኛ እየወጣች ኬሚስትሪ አጥንታ ሁለተኛ ዲግሪ የያዘች ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስትደርስ ለምን እንደ ተተከለ ምሰሶ ባለችበት ትቀራለች? የዛሬው ጉዳዬ ይህ ነው።

መምህርቷን ያገኘኋት አውበሬ እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ነው። የምታስተምረው በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። የእሷንም የዩኒቨርሲቲውንም ስም አልጽፍም፤ እንጀራዋ ነው። ሻይ በወተት ቀርቦልን ተቀመጥን።

"በዲፓርትመንታችሁ ስንት ሴት አላችሁ?" አልኳት።

"እኔና የጽዳት ሠራተኛዋ" አለችኝ። ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ለዶክትሬት ትምህርት ቦታ ያገኘችው ነፍሰ ጡር ሳለች ነው። ኃላፊዋ "መጀመሪያ ውለጂ፣ ከዚያ እናያለን" አላት። ወለደች። ስትመለስ "ዙሩ አልፏል፣ ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል" ተባለች። አብሯት የተቀጠረው ወንድ ዛሬ ረዳት ፕሮፌሰር ነው፤ እሷ ከሰባት ዓመት በኋላም ሌክቸረር ናት። ሕፃኑን የያዘችው የእህቷ ልጅ ግቢው በር ላይ ከዘበኛው አጠገብ ትቀመጥ ነበር፤ እናት በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል እየሮጠች አጥብታ ትመለሳለች። በስብሰባ ላይ "ጽሕፈትሽ ያምራል" ተብላ ቃለ ጉባዔ ትይዛለች። ማርች 8 ሲመጣ እንግዳ ተቀባይ እሷ፣ ኬክ አዛዥ እሷ። የምርምር ጽሑፍ መቼ ትጻፍ? ሌሊት? ሌሊትማ ልጁ አለ!

ጎበዝ፣ ሕጉ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች ከኋላ ታሪካቸው የወረሱት በደል ታይቶ የድጋፍ እርምጃ ይደረግላቸዋል ይላል። በ2010 የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ሰጥቶ ነበር። በጥቅምት 2011 ደግሞ የካቢኔው ግማሽ ሴት ሆነ ተብሎ ዓለም አጨበጨበልን። እኛም አጨበጨብን። ግን ካቢኔ በአንድ ቀን ሹመት ይሞላል፤ ፕሮፌሰር በሹመት አይመጣም። ሃያ ዓመት የሚፈጅ መሰላል ነው። መሰላሉን ማን ሠራው?

ዩኔስኮ ባወጣው አኃዝ መሠረት በዓለም ላይ ካሉት ተመራማሪዎች ሴቶቹ ሲሶ ገደማ ናቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 የነበራት 13 ከመቶ አካባቢ ነበር። የቀድሞው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። የመጀመሪያዋን ሴት ሙሉ ፕሮፌሰር፣ የባዮሎጂዋን ያለምፀሐይ መኮንን፣ ያየው በ2009 ነው። ስልሳ ዓመት ሊሞላ አንድ ፈሪ! ከአራት ኪሎ ያለችው ይህን ያህል ከጠበቀች፣ የአውበሬዋ ስንት ልትጠብቅ ነው?

"ሴቶቹ ብቃት ስለሌላቸው ነው" የሚሉ አሉ። እነሱን ወደ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ልላካቸው። የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት። ከጅጅጋ በሐረር በኩል ብዙም በማይርቀው ዓለማያ ተማረች፤ አሜሪካ ዶክትሬቷን ያዘች፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሪያል-ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት አገኘች። ከ2013 እስከ 2023 ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል መራች። ከድንበሩ ማዶ ደግሞ ኤድና አደን እስማኤል አለች፤ ሐርጌሳ ላይ በ2002 ሆስፒታል የከፈተች አዋላጅ። ብቃትማ ሞልቷል። የጎደለው ሌላ ነው።

ምን ጎደለ? ሴት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ነጥብ ይቀነስላት ነበር፣ የታዳጊ ክልል ልጅ ከሆነችም እንዲሁ። ከተመረቀችና ከተቀጠረች በኋላ ግን ድጋፉ በር ላይ ይቀራል። ይባስ ብሎ "በኮታ የገባች" የሚለው ስም እስከ ጡረታ ይከተላታል። በሩን ከፍቶ ደረጃውን መንሳት ማለት ይሄ ነው።

ደግሞ ጉዳዩ የአንዲት ሴት ማዕረግ ብቻ አይደለም። አውበሬ ወረዳ የዝናብ ውሃ በበርካ ተጠራቅሞ ይጠጣል። የግመል ወተት የሚሸጡት ሴቶች ናቸው። ውሃው ስንት ቀን ሲቆይ ያሳምማል? ወተቱ ጅጅጋ እስኪደርስ ለምን ይበላሻል? ነፍሰ ጡሯ ደሟ ለምን አነሰ? ይህን የሚጠይቅ ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ጓዳ ድረስ የሚገባ ተመራማሪ ነው። ወንድ ተመራማሪ መጠይቁን ይዞ መጥቶ በር ላይ ባልየውን ጠይቆ ይመለሳል። ባልየው ስለ በርካ ውሃ ምን ያውቃል? ቀጂው እሱ አይደለ!

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ዲፕሎማዬን ለመያዝ ስሯሯጥ እህቴ ውሃ ትቀዳ ነበር። ማታ ማታ ሒሳብ የምታስረዳኝ ግን እሷ ነበረች። ዛሬ በጋዜጣ የምጽፈው እኔ ነኝ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጥያቄዬ ሰማይ የመንካት ያህል አይደለም። የወሊድ ጊዜ ከማዕረግ ዕድገት ቆጠራ ይውጣ። የዶክትሬት ቦታ ያገኘች ሴት ብትወልድ ቦታዋ ይጠብቃት። ግቢ ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ይከፈት፤ አንድ ክፍልና ሁለት ሞግዚት ነው። ዕድገት የሚወስነው ኮሚቴ ውስጥ ሴት ትኑር፤ ከሌላ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ትምጣ። ቃለ ጉባዔውና ኬኩ በተራ ይዳረስ። ከሁሉም በላይ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ስንት ሴት ዕድገት ጠየቀች፣ ስንቷ አገኘች፣ ስንቷ ለምን ተከለከለች የሚለውን በይፋ ያውጣ። የሚያፍርበት ከሌለው ምን ያስፈራዋል?

ለዐውደ ጥናት አበል የሚወጣው ገንዘብ ለዚህ ሲሆን አይጠፋም ብዬ አምናለሁ።

ልሰናበት ስነሳ የመምህርቷ እናት፣ "ሆዮ" የምትላቸው፣ አስቆሙኝ። ወሬያችንን ሲያዳምጡ ኖሯል።

"ልጄ፣ ይሄ ፕሮፌሰር የምትሉት ነገር በስንት ይሸጣል? እቁባችንን አንስተን እንገዛላት ነበር እኮ" አሉኝ።

እማማ፣ በገንዘብ ቢሆንማ ኖሮ አውበሬ ገና ድሮ የፕሮፌሰሮች ከተማ በሆነች ነበር! ዕቃው ያለው የእናንተ ገበያ ላይ ሳይሆን በኮሚቴዎች መሳቢያ ውስጥ ነው። ቁልፉን የያዛችሁ ሰዎች፣ ሰምታችኋል?