ቀኑ የታወቀ እጥረት

በባሕረ ሐሳብ ቀመር ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፤ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም። ቀመሩን የሚያውቅ መሪጌታ በጣቱ ቆጥሮ የዘንድሮውን ቀርቶ የዛሬ ሃምሳ ዓመቱን ፋሲካ ይነግርዎታል። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ብቻ ወደ 28 ዝቅ ይላል። እንቁጣጣሽ ከመስከረም 1 ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ዝናቡ መቼ እንደሚገባ፣ የውጭ ምንዛሪው መቼ እንደሚገኝ፣ መንገዱ መቼ እንደሚከፈት በእርግጠኝነት የሚናገር የለም፤ በዓሉ የሚውልበትን ቀን ግን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ታዲያ ዋዜማው በተቃረበ ቁጥር ዘይቱ ከመደርደሪያ የሚጠፋው፣ የሽንኩርቱ ዋጋ ሽቅብ የሚወጣው፣ እንቁላሉ «አልቋል» የሚባለው ገበያው ላይ ምን ዱብ ዕዳ ወርዶበት ነው?

የተለመደውን መልስ ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል፤ ስግብግብ ነጋዴ ደብቆት ነው። በየበዓሉ ሰሞን ግብረ ኃይል ይቋቋማል፣ መጋዘን ይፈተሻል፣ ሱቆች ይታሸጋሉ፣ ማታ በዜና ሰዓት የተደረደሩ ጄሪካኖች እናያለን። መልሱ ከነአካቴው ሐሰት ነው አልልም፤ ዘይት ጋ ስደርስ እመለስበታለሁ። የችግሩን ሥር ግን አልያዘም። በዋዜማው ዕቃ የሚጠፋው ቀደም ብሎ የሚያከማች ሰው ስላነሰ ነው ባይ ነኝ። ያነሰውም ማከማቸትን አክሳሪም አስጠያቂም ሥራ ስላደረግነው ነው።

የበሬውን ገበያ ይመልከቱ። በፋሲካ ዋዜማ በሬ ተወደደ ሲባል በየዓመቱ እንሰማለን፤ በሬ ጠፋ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። ገንዘብ የያዘ ሰው ሸጎሌም ወረደ ካራ፣ አማርጦና ተከራክሮ ይገዛል። አድላቢው ከሦስት አራት ወር በፊት የከሳውን በሬ በርካሽ ገዝቶ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ እያበላ፣ ከገበያ አግልሎ ያቆየዋል። የሚጠብቀው የበዓሉን ዋጋ ነው። ገዢውም ቢሆን ባዶ እጁን አይመጣም፤ በየመሥሪያ ቤቱና በየሰፈሩ ለቅርጫ ከወር ወር የሚዋጣ ገንዘብ አለ። እንግዲህ አድላቢው የሠራው ሥራ ሲታይ፣ ሊሸጥ የሚችል ነገር ይዞ ዋጋ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። ማንም ግን ስግብግብ አይለውም። እንዲያውም ሥራ ፈጣሪ ይባላል፤ ተደራጅቶ ከመጣ ብድር ይመቻችለታል። ይኸው ሰው በሬውን ትቶ በግንቦት መቶ ኩንታል ሽንኩርት ቢገዛና እስከ ጳጉሜን ቢያቆይ ግን በአንድ ጊዜ ስሙ ይለወጣል።

አድላቢው ሥጋ ጨምሯል፣ ሽንኩርት ያስቀመጠው ምን ጨመረ የሚል ይኖራል። ሽንኩርቱን ከማይፈለግበት ወር ወደሚፈለግበት ወር አሻገረው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም የእንቁጣጣሽ ገበያ የሚጎድለው ይኸው ብቻ ነው።

ዶሮ ወጥ ማለት በአመዛኙ ሽንኩርት ማለት ነው፤ ለአንድ ዶሮ ሁለት ሦስት ኪሎ የሚከትፉ ባለሙያዎች አሉ። ሽንኩርታችን ደግሞ በዋናነት የመስኖ ምርት ነው፤ ከፎገራ፣ ከመቂና ከባቱ ዙሪያ፣ ከቆቦ ይመጣል። በበጋ ተተክሎ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይደርሳል። ያን ጊዜ ይረክሳል፤ የሚያነሣለት ያጣ አርሶ አደር ማሳው ላይ ትቶት የሚሄድበት ዓመትም አለ። ክረምቱ ሲገባ ውኃ የተኛበት መሬትና የፈንገስ በሽታ ምርቱን ያመነምኑታል፣ መንገዱም ይጨቀያል። እንቁጣጣሽና መስቀል የሚውሉት እንግዲህ የዓመቱ አቅርቦት ጥግ ላይ በደረሰበት ሰሞን ነው። የፋሲካ ሽንኩርት ቢያንስ ለአዝመራው ቅርብ ነው። የእንቁጣጣሹ ግን ከሱዳን ካልገባ ወይም ከግንቦት ካልተሻገረ ከየትም አይመጣም።

ማሻገር ደግሞ ይቻላል። በደንብ የደረቀ ሽንኩርት ከመሬት ከፍ ባለና አየር በሚያገኝ መደብ ላይ ተሰጥቶ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። በዚህ መሐል ከፊሉ ይበሰብሳል፣ ከፊሉ ያጎነቁላል፣ የቀረውም ክብደቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ያስቀመጠው ሰው በግንቦት በገዛበት ዋጋ በጳጉሜን ሊሸጥ አይችልም። የበሰበሰውን፣ የመጋዘኑን ኪራይና የብድሩን ወለድ ዋጋው ካልመለሰለት በሚቀጥለው ዓመት አይሞክረውም። አሁን ባለው አሠራር ደግሞ ቢወደድለት ስግብግብ ተብሎ ይታሸግበታል፤ ቢበሰብስበት ኪሳራው የብቻው ነው። ልባም ነጋዴ ይህን አስልቶ በጭነት መኪና ያስገባውን በዕለቱ አራግፎ ይሄዳል። ገበያው ከፒያሳ አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ፣ ከጃን ሜዳ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዘዋወር የተለወጠው ቦታው ነው፤ ከእጅ ወደ አፍ የሆነው አኗኗሩ አብሮት ተጉዟል።

ሸማቹስ ለምን ቀደም ብሎ አይገዛም? ደመወዝተኛ ስለሆነ ነዋ። ጳጉሜን ደመወዝ የላትም። የነሐሴ ደመወዝ የጳጉሜንን አስቤዛ፣ የእንቁጣጣሽን ዶሮ፣ የልጆቹን ደብተርና ዩኒፎርም አንድ ላይ መሸከም አለበት። ብሩ ወደ ሁሉም ቤት የሚገባው በአንድ ሰሞን ነው፤ የሚወጣውም እንዲሁ። በርበሬዋን ቀንጥሳ፣ አስጥታ፣ አስፈጭታ የዓመት ቀለቧን የምታዘጋጅ ሴት ማቀድ አይጎድላትም። የጎደላት ቀድሞ የሚደርስላት ገንዘብ ነው፤ ቦታም ጭምር። ጎተራው በየጓሮው በነበረበት ዘመን እያንዳንዱ ቤት የራሱ አከማቺ ነበር። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግን ጎተራ የለም፤ ስለዚህ የሚያከማችለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል።

ጾሙ የራሱን ጠባይ ይጨምርበታል። ላም አትጾምም። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ወተት ገዢው ይቀንሳል፣ ማቀነባበሪያዎች የሚረከቡትን መጠን ያሳንሳሉ፣ ገበሬው የተረፈውን ንጦ ቅቤ ያወጣል። ዶሮዋም ጾም ነው ብላ መጣሏን አታቋርጥም። ከዚያ በአንዲት ሌሊት፣ ዶሮ ሲጮኽ፣ የ55 ቀን ፍላጎት አንድ ላይ ይለቀቃል። እንዲህ ያለ ዝላይ በየዓመቱ የሚጠብቀው ገበያ ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም። ለእንቁላልና ለዶሮ መጋዘን መፍትሔ አይሆንም፤ እዚያ የሚያስፈልገው የአርቢው የቀን ቆጠራ ነው። እንቁላል 21 ቀን ይታቀፋል፤ የሐበሻ ዶሮ ለወጥ እስኪደርስ ግማሽ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ቅቤ ግን ይቆያል። ጾሙን ሙሉ ቅቤ በርካሽ የሚሰበስብ ባለ ገንዘብ ካልተገኘ በዋዜማው የጎደለውን የሚሞላው ባዕድ ነገር ነው። ከቅቤ ጋር ሙዝና የአትክልት ቅቤ፣ ከበርበሬ ጋር የሸክላ ዱቄት ደባልቀው የተያዙ ሰዎች ዜና በበዓል ሰሞን የሚደጋገመው ሰው በዚያ ሰሞን ስለሚከፋ አይደለም። ዋጋው እንዳይናገር ሲከለከል እጥረቱ በጥራቱ በኩል ይወጣል።

ነጋዴ መክሰስ ብቻውን የትም እንደማያደርስ የሚያሳይ ነገር ኖርዌይ ላይ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ። ጦርነት የለ፣ የምንዛሪ ችግር የለ፤ ነዳጅ ሻጭ ሀብታም ሀገር ነው። ገና ሲቃረብ ግን ቅቤ ከየሱቁ ጠፋ። በዚያ ሀገር ልማድ ለገና ሰባት ዓይነት ብስኩት ይጋገራል፤ ያለ ቅቤ ደግሞ የሚሆን አይደለም። የዚያ ዓመት በጋቸው ዝናባማ ሆኖ መኖው ስለተበላሸ ወተቱ ቀንሷል። በዚያው ዓመት ዳቦና ስኳር ቀንሶ ስብ የመብላት ፋሽን ተነሥቶ የቅቤ ሽያጭ ከቀደመው ዓመት በኦክቶበር 20 በመቶ፣ በኖቬምበር 30 በመቶ ያህል ጨመረ። አብዛኛውን ገበያ የያዘው ቲኔ የተባለ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ነው፤ ከውጭ በሚገባ ቅቤ ላይ ደግሞ በኪሎ 25 ክሮነር ያህል ቀረጥ ተጥሏል። ጎረቤት ስዊድን ሱቆቹ በቅቤ ሞልተው ነበር። ድንበር ላይ አንድ ሩሲያዊ 90 ኪሎ ቅቤ በመኪና ይዞ ሊገባ ሲል ተያዘ። በኢንተርኔት አንድ ጥቅል ቅቤ ከመደበኛ ዋጋው ብዙ እጥፍ ይጠየቅበት ጀመር። አንድ የዴንማርክ ቴሌቪዥን ዝግጅት በሺዎች የሚቆጠር ጥቅል ጭኖ ሄዶ ለኖርዌያውያን በነፃ አደለ። መንግሥት ቀረጡን ለጊዜው ወደ 4 ክሮነር ሲያወርደው ገና ደጃፍ ላይ ደርሶ ነበር።

እዚያ ቅቤ ደብቆ የታሸገበት ባለሱቅ የለም። ሕጉ ራሱ ቅቤው ከተትረፈረፈበት ወደ ጎደለበት እንዳይሻገር ግንብ ሠርቶ ነበር። የእነሱ ግንብ በሁለት ሀገሮች መካከል የቆመ ነው። እኛ የሠራነው በግንቦትና በጳጉሜን መካከል ነው።

ከዚያ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ እኛም የራሳችንን ገና አይተናል። በ2003 ዓ.ም. የገና ሰሞን መንግሥት ሥጋ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታን ጨምሮ 17 ያህል ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ዋጋው በወረቀት ላይ ወረደ፤ ዘይትና ስኳር ግን ብዙም ሳይቆዩ ከሱቅ ጠፉ። ጣሪያው በዚያው ዓመት ከአብዛኛው ሸቀጥ ላይ ሲነሣ እነዚህ ሁለቱ በመንግሥት ሥርጭት ሥር ቀሩ፤ የሸማቾች ማኅበር ወረፋም የከተማው ኑሮ አካል ሆነ። በጣሪያው ዋጋ የተጠቀመው ድሀው ነው የሚል ሰው ወረፋው ላይ ማን እንደሚቆም ቢያስተውል ጥሩ ነው። ዘይቱ የሚደርሰው ጊዜ ላለው፣ ዕቃው መቼ እንደሚገባ ሹክ ለሚባልና ከባለሱቁ ጋር ለሚተዋወቅ ነው። ቀን ሠራተኛዋ ግማሽ ቀኗን ሰልፍ ላይ ካሳለፈች ያጣችውን የቀን ሒሳብ በዘይቱ ዋጋ ላይ ደምሩት።

አሁን ወደ ዘይት ልመለስ፤ ክርክሬ የሚላላው እዚህ ላይ ነው። ዘይት በአብዛኛው ከውጭ ይመጣል፤ ፓልሙ ከማሌዢያና ከኢንዶኔዢያ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል ይገባል። ምንዛሪ አግኝቶ የሚያስመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ጥቂቶች በያዙት ገበያ ደግሞ ዕቃ ይዞ ዋጋ ማስወጣት እውነተኛ ዘዴ ነው። በ2013 ዓ.ም. ቡሬና ደብረ ማርቆስ ላይ ትልልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ሲከፈቱ ብዙ ተስፋ ተደርጎ ነበር። ነገር ግን ሰሊጡና ኑጉ ምንዛሪ እንዲያመጣ ወደ ውጭ ሲሸጥ ፋብሪካው የሚጨምቀው ያጥረዋል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ምርት መሰወርን ሲከለክል ያሰበው እንዲህ ያለውን ገበያ ይመስለኛል። ሥራ ላይ ሲውል ግን መጋዘን ያለውን ሁሉ በአንድ ዓይን ያያል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዋጋ ጨመሩ ምርት ደበቁ የተባሉ ብዙ ሱቆች ታሸጉ። ለእንቁጣጣሽ የቀሩት ስድስት ሳምንታት ነበሩ፤ ነጋዴ የበዓል ዕቃ የሚያስገባበት ሰዓት ማለት ነው። በዚያ ሰዓት መጋዘኑን መሙላት ጠቃሚ መስሎ የታየው ነጋዴ ስንት ይሆን?

የሚደብቀውን ከሚያስቀምጠው መለየት እንደሚባለው ከባድ አይደለም፤ አንደኛው ያስመዘግባል፣ ሌላኛው አያስመዘግብም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ለቡናና ለሰሊጥ የመጋዘን ደረሰኝ አሠራር ከዘረጋ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ደረሰኙ ባንክ ዘንድ መያዣ ሆኖ ብድር ያስገኛል። ሽንኩርት እንደ ቡና አይቀመጥም፣ ደረጃ ማውጣቱም ይከብዳል። ነገር ግን በግንቦት ምን ያህል እንደያዘ ያስመዘገበ ሰው እስከ መስቀል በፈለገው ዋጋ ይሽጥ፣ አይታሸግበትም የሚል መመሪያ ለማውጣት ማቀዝቀዣ ያለው መጋዘን እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም። መጠኑ በየሳምንቱ ይፋ ከሆነ ደግሞ ሸማቹም ሌላው ነጋዴም ምን እንዳለ ስለሚያውቅ በወሬ ብቻ ዋጋ ማናር ይከብዳል።

የሸማቾች ማኅበራትም ቢሆኑ ይህንኑ ሥራ ሊሠሩ ይችሉ ነበር፤ ለዕቃ መግዣ የሚሰጣቸው ተዘዋዋሪ ብድር በጊዜው ቢደርሳቸው። ሽንኩርቱ ማሳ ላይ በሚጣልበት በግንቦት ያልተለቀቀ ብር በነሐሴ መጨረሻ ቢለቀቅ የሚሠራው አንድ ነገር ነው፤ ገበያ ላይ ያለውን ያንኑ ጥቂት ሽንኩርት ከነጋዴው ጋር ተሻምቶ የበለጠ ያስወድደዋል።